ሶፊያ ያመጣችው እንግሊዝኛ

ቀትር ላይ የቆላው ንፋስ ቆርቆሮ ሲያንኳኳ በሰማሁ ቁጥር፣ ታላቅ እኅቴ ዘሃራ ማሽላ እያበጠረች ባዕድ ቃላት ስትደጋግም የነበረው ድምፅ ይመለስብኛል፤ ዓመቱንና የንግግሩን ቅደም ተከተል ግን አምታትቼ ይሆናል።

በዚያ በጋ ዘሃራ ለቤት ሠራተኝነት አረብ አገር ለመሄድ ቪዛ ትጠብቅ ነበር። በሰፈራችን ከዚያ የተመለሰች ሴት የምትሄደዋን ማሰናዳት ልማድ ነበርና፣ ጎረቤታችን ሶፊያ ከሰዓት በኋላ እየመጣች በዚያ አገር ቤቶች ውስጥ የሚነገረውን እንግሊዝኛ ታስተምራት ነበር፤ ከፊሊፒንስና ከስሪላንካ ሠራተኞች አፍ የተለቀመ፣ እመቤቶቹም ራሳቸው የሚናገሩት፣ ግስ የማያውቅ እንግሊዝኛ። «ማዳም፣ ሲክ። ሆስፒታል» ስትል ዘሃራ ተቀብላ ትደግም ነበር። እኔ ከስምንተኛ ክፍል አንደኛ ወጥቼ ነበርና ሣቅሁባቸው።

«ይሄ እንግሊዝኛ አይደለም።»

«አንተ ፕሮፌሰር» አለች ሶፊያ፣ «ማዳም ያንተን መጽሐፍ አላነበበችም። ወላሂ፣ እዚያ አፍ ሲረዝም ጆሮ ያጥራል።»

አባቴ ግን «ልጁ የተማረ ነው፣ ከእሱ ያዢ» ብለው ፈረዱ፤ ሶፊያም ሻሿን አስተካክላ ወጣች፣ ለትምህርቱም አልተመለሰችም።

ክረምት ገብቶ ጎርፉ ከተራራው ወርዶ ማሳችንን ሲያጠጣ፣ ዘሃራ «እባክዎ እመቤቴ፣ ጤንነት ስላልተሰማኝ ሐኪም ዘንድ ብሄድ ደስ ይለኛል» የሚለውን የእኔን ረጅምና ትሑት እንግሊዝኛ በቃሏ ይዛ ሄደች። ማሽላው እሸት ሲይዝ ስልኳ ሳሳ፣ አጨዳ ሲደርስ ጭራሹን ጠፋ፤ እናቴም ስልኩን ከጉያዋ ሳትለይ እህል መቅመስ ተወች። በበልግ የተመለሰችልን ዘሃራ፣ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ከሦስት ቀን በኋላ ሐኪም ቤት ደርሳ ለጥቂት የተረፈች፣ ጀሪካን ማንሳት የማትችል ሴት ነበረች።

«እታለም፣ ለማዳምሽ ምን ብለሽ ነገርሻት?» ስላት፣ «ምንም፤ ፈርቼ ዝም አልኩ» አለችኝ፤ እኔም በዚያ መልስ ለዓመታት እንቅልፍ አገኘሁ።

በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እንግሊዝኛ በየደረሰበት አገር ሌላ መልክ የሚያወጣ ቋንቋ መሆኑን ተማርሁ፤ ያን ጊዜ ግን አንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ እሱም የእኔው።

ባለፈው ዓመት ከዘሃራ ጋር በአንድ ሕንፃ ትሠራ የነበረች ሴት ዋጃ ከተማ ላይ አግኝቼ ጠየቅኋት። ዘሃራ ዝም አላለችም፤ ሦስቱንም ቀን አንድ ነገር እየደጋገመች ስትናገር ድምፅዋ በግድግዳው ያልፍ ነበር፣ ማዳሟም ምስጋና መስሏት በእንግሊዝኛው «ጉድ፣ ጉድ»፣ ጥሩ ጥሩ፣ ትላት ነበር። ሴትየዋ ትርጉሙን ሳታውቅ በቃሏ ይዛው ኖሮ፣ እንድትለው ስለምናት አለችው። ከ«እባክዎ እመቤቴ» ጀምሮ አንድ ቃል አልጎደለበትም።