ጉትዬ ቆላ የወረደች ዕለት

ልጅ ሳለሁ ዶሮ የምመርጠው በላባዋ ነበር። ላባዋ የበዛ፣ አናቷ ላይ ቁንጮ ያላት፣ ስትራመድ ረጅም ቀሚስ የምትጎትት የምትመስል ዶሮ ካየሁ ሌላውን ሁሉ እረሳለሁ። አንኮበር ላይ ለሚያድግ ልጅ ይህ የሚያስወቅስ ነገር አልነበረም፤ ጉሙ ከማለዳ እስከ ረፋድ ግቢ ውስጥ ተኝቶ በሚያረፍድበት አገር ደርቦ የለበሰ ሁሉ፣ ሰውም ይሁን ዶሮ፣ ብልህ ይመስላል። እኔም ከጫጩትነቷ ጀምሬ በእጄ ጥሬ እያበላሁ ያሳደግኳት አንዲት ገብስማ ዶሮ ነበረችኝ። ላባዋ እስከ እግር ጣቶቿ ይወርዳል፤ የአናቷ ቁንጮ ዓይኗን ይጋርዳታል። ስሟን ጉትዬ ብያታለሁ። ጎረቤት ሲያደንቃት የተደነቅሁት እኔ እየመሰለኝ አንገቴን ቀና አደርግ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ትርንጎ፣ አገባች። ባሏ አስተማሪ ነውና ቆላ፣ አሊዩ አምባ ተመድቦ ይዟት ወረደ። ቁልቁለቱ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ቢሆንም ለእኔ ባሕር የተሻገረች ያህል ነበር፤ አልቅሼ ነው የሸኘኋት። ከፋሲካ በኋላ አባቷ፣ አያቴ አባባ ተክሌ፣ ሊጠይቋት ሲነሱ እኔም እንድከተላቸው ተፈቀደልኝ። አዲስ ጎጆ ባዶ እጅ አይገባምና፣ በዋዜማው እራት ላይ ለአክስቴ ጉትዬን እንደምሰጣት አስታወቅሁ።

አባባ ጉርሻቸውን ውጠው፣ «አንገተ መላጣዋን ብትወስጂላትስ?» አሉ።

አንገተ መላጣዋ የግቢያችን መሳቂያ ነበረች። ከጭንቅላቷ እስከ ደረቷ አንድ ላባ የላትም፤ ቀይ ቆዳዋ ተጨማድዶ፣ አንዱ ነጭቶ ነጭቶ የተዋት ትመስላለች። «ሰው ይስቅብናል» አልኩ። እናቴ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብላ ሳህኑን አነሳች።

ያኔ ከእራት በኋላ ምድጃው ዙሪያ እንሰበሰባለን። የባሕር ዛፉ ፍም ይንቦገቦጋል፣ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፣ የኩራዙ ብርሃን የአባባን አፍንጫ ግድግዳው ላይ የተራራ ያህል ያደርገዋል። አባባ እንደ ሌሎች ሽማግሌዎች «ተረት ተረት» ብለው አይጀምሩም። የጎረቤት ወሬ እንደሚያወራ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እዚሁ ታች ነው የሆነው» ይላሉ። በዚያ ማታም እንዲሁ አሉና፣ ቆላ ሠርግ ስለተጠሩ የደጋ ዶሮዎች አወሩልን።

ዶሮዎቹ ካባቸውን ደርበው፣ እግራቸውን ሸፋፍነው ተነሡ። መንገድ ላይ አንዲት በብርድ የምትንቀጠቀጥ የቆቅ ጫጩት አገኙ። ሌሎቹ አልፈዋት ሲሄዱ አንዷ ግን የአንገቷን ላባ ነቅላ አለበሰቻት። ሠርጉ ቤት ስትደርስ ያልሳቀባት አልነበረም፤ አንገቷን ሳትሸፍን ሠርግ የመጣች ባለጌ ተባለች። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ግን ባለካባዎቹ ከጥላ ጥላ እየተሳቡ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከበሮው ሲመታ እስክስታ የወረደችው ያቺው አንገተ መላጣ ብቻ ነበረች፤ አንገቷን ስትሰብቀው ቆለኞቹ እልል አሉላት። ማታ ላይ ሻሽ ቢሸልሟት፣ «ይቅርብኝ፣ ነፋሱ ይበቃኛል» አለች።

እኛ ልጆቹ ምድጃው ዳር አንገታችንን እየሰበቅን እስኪደክመን ሳቅን። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። ጠዋት ተነሥቼ ጉትዬን አቀፍኩና መንገድ ጀመርኩ።

አባባ አንድ የተሸፈነ ቅርጫት ይዘው ነበር። «ምን ይዘዋል?» ስላቸው «ድንች» አሉኝ። ድንቹ አልፎ አልፎ ኮሽ ይላል፤ ሰው ሲወርድ ቅርጫት መወዛወዙ አይቀርም ብዬ አለፍኩት። እየወረድን ስንሄድ መጀመሪያ ሹራቤን፣ ቀጥሎ ነጠላዬን አወለቅሁ። ጉትዬ የምታወልቀው አልነበራትም። አሊዩ አምባ ስንገባ ክንፎቿን ከጎኗ አራርቃ፣ አፏን ከፍታ ታለከልክ ነበር። አክስቴ ደጅ ላይ እየሳመችኝ ሳለ የጉትዬ አንገት ክንዴ ላይ ተዝለፈለፈ።

የደነገጥኩትን ድንጋጤ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ገደልኳት ብዬ ጮኼ አለቀስኩ። ጩኸቴን ሰምተው የመጡት ጎረቤቷ እማማ ዘሃራ ነበሩ። «ያ ረቢ፣ ይቺ ብርድ ልብስ ለብሳ ነው እንዴ የወረደችው?» አሉና ከእጄ ወሰዷት። እንስራ የሚቀመጥበት ጥግ፣ እርጥብ መሬት ላይ አስተኟት። ውኃ አናቷ ላይ ላፈስ ስል እጄን ያዙኝ። «ቀስ፣ ልጄ። እግሯን ብቻ አርጥቢላት። ኢንሻአላህ ትነሳለች።»

እግሯን እያረጠብኩ ተቀመጥኩ። በበሩ በኩል የእማማ ዘሃራ ዶሮዎች ይታዩኛል፤ እግረ ረጃጅም፣ ላባቸው ሳሳ ያለ፣ አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ትልቅ ሆኖ የተንጠለጠለ። ያ ሁሉ ፀሐይ ላያቸው ላይ እየወረደ እነሱ መሬት ይጭራሉ። ትናንት ባያቸው አስቀያሚ እላቸው ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጉትዬ ዓይኗን ገልጣ ከጣሳው ጠጣች።

ሌላ ጭንቅ ያኔ መጣ። ጉትዬ እዚህ ከቀረች ሳምንት አትቆይም፤ የሰጡትን መልሶ መውሰድ ደግሞ ነውር ነው። አክስቴም ይህ ገብቷታል። አባባ ቅርጫታቸውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉና፣ «ስጦታሽ ይኸውልሽ። ያቺኛዋ እንግዳ ናት፣ ልትጠይቅሽ ነው የመጣችው» አሉ። ክዳኑ ሲነሣ አንገተ መላጣዋ ብቅ አለች። አክስቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አባባ «ብዬሽ አልነበረም?» አላሉኝም፤ በማግስቱም ፀሐይ ሳይወጣ ዳገቱን ስንጀምር ጉትዬን ያቀፉልኝ እሳቸው ነበሩ።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ ለዓይን የሚያምሩ ዶሮዎች አረባለሁ። ከሸዋ ሮቢት፣ ከአዋሽ የሚደውሉልኝ ሰዎች ስልክ ላይ ያዩትን ባለ ብዙ ላባ ይጠይቁኛል። እኔ ደግሞ ግቢያቸው ጥላ እንዳለው እጠይቃቸዋለሁ። ለሙቀት አገር ላባዋ የሳሳ፣ ሰውነቷ ቀለል ያለ ዶሮ ምረጡ፣ እግሯ የተሸፈነውን ለእኛ ለብርዳሞቹ ተዉልን እላለሁ። ካልሰሙኝ የሠርጉን ተረት እነግራቸዋለሁ።

ባለፈው ዓመት አክስቴ ልትጠይቀኝ ወጥታ ስልክ ላይ ይህንኑ ሳወራ ሰማችኝና፣ «ይሄን ከየት አመጣሽው?» አለችኝ።

«ከአባባ ነዋ። የድሮ ተረታቸው።»

«እኔን እስኪድሩኝ ድረስ ማታ ማታ ሲያጫውቱኝ ኖረዋል፤ የዶሮ ተረት ግን አንድም ቀን ነግረውኝ አያውቁም» አለች።

እናቴን ጠየቅሁ፤ እሷም አልሰማችም። ተረት ሁሉ ከጥንት የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ያኛውን ግን አባባ የሠሩት ሳህኑ ከተነሣ በኋላ፣ ፍሙ እስኪቀላ ባለችው ጥቂት ጊዜ ውስጥ ነው። በአንድ ቃል ሊከለክሉኝ ሲችሉ፣ አንዲት ግትር ልጅ ሳታፍር ሐሳቧን የምትለውጥበት መንገድ ሠሩላት። እኔ ስቄበት ተኛሁ። ይህን ሳውቅ እሳቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ እንዳልሰማኋቸው አይተው እንጂ፣ ዘግይቼም ቢሆን እንደሰማኋቸው ሳያዩ ሄዱ።