መቂ ሳንደርስ መኪናዬ ፈላች

ነገሩ የሆነው አምና ክረምቱ እንደወጣ ነው። መኪና ተበላሽቶብኝ መንገድ ላይ ስቆም የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ያን ቀን ግን እናቴ አብራኝ ስለነበረች ነው መሰለኝ እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም።

እናቴ የምትኖረው ባቱ ነው፤ እኔ አዳማ። ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ ተሸፍነው ሰው የምትለየው በድምፁ ብቻ ነበር። ለጥቂት ቀን ወደ አዳማ የመጡ ሐኪሞች ለቀዶ ሕክምና ቀጠሯት። ቀጠሮው በማለዳ ስለሆነ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ከባቱ ይዣት ተነሣሁ። ካመለጣት ሐኪሞቹ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ አልነበረም።

መኪናዬ አሮጌ ናት፤ እኔ ጋ እስክትደርስ ብዙ ሰው ነድቷታል። በድሮው መንገድ ወደ መቂ ስንቃረብ የሙቀት መለኪያው ሽቅብ ወጣ። ወዲያው ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ቡልቅ አለ። ዳር ይዤ አቆምኩ።

"ምን ሆነ?" አለች እናቴ።

"ፈላች፣ እማዬ። ውሃ ልጨምርላት።"

ችኮላ ይዞኛል። ሻርፔን እጄ ላይ ጠቅልዬ የራዲያተሩን ክዳን ያዝኩ። ይሄኔ ከመንገዱ ማዶ ካለው የቲማቲም ማሳ አንድ ሰውዬ እየጮኸ ወደ እኔ ሲሮጥ አየሁ። ፊቱን በጨርቅ ሸፍኗል። እጁ ላይ ቢላ አለ። በአካባቢው ከእኛ በቀር ሰው የለም። ደርቄ ቀረሁ። ክዳኑ ግን እጄ ላይ ላላ ብሎ መተንፈስ ጀምሯል።

እናቴ ከመኪናው ውስጥ ጮኸች፤ "'ሂን ባኒን' እኮ ነው የሚልሽ! አትክፈቺ እያለሽ ነው፣ እጅሽን አንሺ!"

ኦሮምኛ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ድንጋጤው ነው ጆሮዬን የደፈነው። እጄን ለቅቄ ወደኋላ ስል ክዳኑ ተስፈንጥሮ የፈላው ውሃ ሽቅብ ተተኮሰ። የእጄን አንጓ ትንሽ ለብለብ አድርጎኝ አለፈ። አጎንብሼ የነበረው ግን በትክክል ክዳኑ ላይ ነው። አስፋልቱ ዳር ቁጭ አልኩ።

ሰውዬው ደርሶ ጨርቁን ከፊቱ አወረደ። ለካ ቲማቲሙን መድኃኒት እየረጨ ኖሯል የተሸፈነው፤ ቢላውም የቲማቲሙን ማሰሪያ ገመድ ሲቆርጥበት የነበረ ነው። ገመቹ ይባላል።

"አስደነገጥኩሽ፣ ይቅርታ። ወንድሜ እንዲህ ሲከፍት ፊቱ ተቃጥሎ ነው" አለኝ።

ሞተሩ እስኪበርድ አዳማ ላሉት መካኒኬ፣ ለጋሽ ተስፋዬ ደወልኩ። የሚያፈሰውን ቦታ በስልኩ ምስል አሳየኋቸው። የመኪናውን ጭስ ለመቀነስ የተገጠመ አንድ ዕቃ አለ። እሱን የሚያቀዘቅዘው ውሃ የሚገባበት ቀጭን አንገት ዝጎ ተቆርጧል።

"ለዛሬ ያንን ዕቃ ዝለዪው" አሉኝ። "ውሃ የሚያስገባውንና የሚያስወጣውን የጎማ ቱቦ ንቀዪና እርስ በርስ አገናኚያቸው። ቀስ ብለሽ ከነዳሽ እዚህ ያደርስሻል። ብቻ ሁለቱን ጎማ የሚያያይዝ አጭር የብረት ቱቦ ፈልጊ።"

እዚያ ሜዳ ላይ ከየት አባቴ ላምጣ? ዙሪያዬን ሳይ ገመቹ የለም። ወደ ማሳው ተመልሷል። ሥራ ፈትቶ ይጠብቀኛል ብዬ አልጠበቅሁም፤ ግን ሆዴ ባባ።

ተመልሶ ሲመጣ እጁ ላይ የነሐስ መገጣጠሚያና ማጥበቂያ ፋሸታዎች ይዟል። ከራሱ መድኃኒት መርጫ ቱቦ ላይ ፈትቶት ነው።

"ቲማቲሙስ? ገና አልጨረስክም እኮ።"

"አልጨረስኩም። በሽታም ገብቶበታል" አለ። ስደውል እናቴ በመስኮት በኩል ስለ ቀጠሮው ስታጫውተው ነበርና ወደ እሷ እያየ፣ "እስከ ነገ ይታገሰኛል። የሃርሜ ዓይን ይቅደም" አለኝ። እናቴን እንደ ገዛ እናቱ "ሃርሜ" ሲላት እንባዬ መጣ።

ነሐሱን አጥበን አስገባነው። እሱ ጎማውን ያዘልኝ፣ እኔ ፋሸታውን አጠበቅሁ። ማሳው ዳር ካለው በርሜል ውሃ ቀድቶ ሞላልን። ሞተሩን አስነሥተን ጎንበስ ብለን አየን፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። እናቴ በኦሮምኛ መርቃው አልጠግብ አለች።

ዓይኔን ከመለኪያው ሳልነቅል ነዳሁ። ሞጆን ካለፍን በኋላ ነው በደንብ የተነፈስኩት። በማግስቱ እናቴ በሰዓቱ ገባች፤ አንዱ ዓይኗ ተሠራላት።

ጋሽ ተስፋዬ የተቆረጠውን አንገት ሲቀይሩልኝ ነሐሱን ተቀብዬ አስቀመጥኩ። እናቴን ወደ ባቱ ስመልሳት እዚያው ማሳ ጋ አቆምኩ። በእኛ ምክንያት ማሳው ጠፍቶ እንደሆነስ ብዬ ሰግቼ ነበር። በመንገዱ በኩል ያለው ዳር ጠቁሯል። የቀረው ግን ለምለም ነው። ነሐሱን ስመልስለት፣ በነጋታው የጎረቤት መርጫ ተውሶ እንደጨረሰው ነገረኝ።

እናቴ ከመኪናው ወርዳ፣ ያለማንም ድጋፍ፣ ቦዩን ተሻግራ ፊቱ ቆመች። አገጩን ይዛ አገላብጣ አየችው።

"አንተ ልጅ! ድምፅህን ሰምቼ ሽማግሌ ነበር እኮ የመሰልከኝ!"

ገመቹ ከት ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይዞኝ የነበረው ፍርሃት እዚያው ለቀቀኝ። አሁንም በዚያ መንገድ ሳልፍ መለኪያውን አያለሁ። ፍርሃቱ ግን ጨርሶ የለም። እናቴ አጠገቤ ከተቀመጠች ደግሞ በመስኮት እያየች የየማሳውን ሰብል ስም ትነግረኛለች።