አበባው ሳይዘጋ ኦስትኤንድ መድረስ

ቦናመስ፣ ንጋት

ከምኖርበት ከቤን ጉርዮን ሪንግ ፎቆች መሃል ስወጣ ሰማዩ ግራጫ ነው። ዛሬ ደመና አልፈለግሁም ነበር። የሩዝ አበባ ረፋዱ ሲሞቅ ይከፈትና ብዙ ሳይቆይ ይዘጋል፤ በደመና ቀን ደግሞ ያመነታል። ከከተማው ማዶ፣ ኦስትኤንድ፣ በምሠራበት የመስታወት ቤት ውስጥ፣ ለአባትነት በመረጥኩት ሩዝ ላይ የቀሩት ከዘለላው ግርጌ ያሉ ጥቂት አበቦች ብቻ ናቸው። ዛሬ ካልተከፈቱ የዘንድሮው ማዳቀል ቀረ።

እናቲቱ ፎገራ ያለው ታናሽ ወንድሜ ሙሉጌታ ከሚዘራው ዘር ናት። ብርድ በጸናበት ዓመት ዘለላዋ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲጨብጡት ባዶ ነው። አምና ያጨደው ገለባ ብቻ ነበር።

ፌርማታው ላይ ስልኬ ጮኸ።

"እትዬ፣ ዛሬ ነው አይደል?"

"ዛሬ ነው።"

"ገለባው እንዳያጥርብኝ። ከብቶቹስ ምን ይበላሉ?"

"አባትየው አጭር ነው ሙሌ፣ አልዋሽህም። ከልጆቹ ረጃጅሞቹን እንመርጣለን።"

"እሺ። ብቻ ፍሬ ይኑረው።"

ኖርድኤንድ

ጋሽ ኢብራሂም ካፖርት ለብሰው፣ ክራባት አስረው ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። የከረን ሰው ናቸው፤ አማርኛን አስመራ ተማሩ፣ እዚህ ጀርመን ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ ወጡ። በጎልማሳነቴ የማታ ትምህርት ስጀምር፣ የሂሳብ መጽሐፉን ጀርመንኛ የፈቱልኝ እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ጠዋት ከቤት አይወጡም ነበር። "ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽውን ልየዋ" ብለው ነው ዛሬ የመጡት። ብሬዝል፣ ያን ጨው የተነሰነሰበት ጥምዝ ዳቦ፣ ገዝተዋል፤ ዋጋው መጨመሩን እስከ ባቡሩ ድረስ ረገሙ።

"ሙሽራው ማነው?" አሉኝ እንደተቀመጥን።

"ከጃፓን ተራራ የመጣ፣ አጭር፣ ጢማም።"

"ያ በፊት ያወራሽልኝ መለሎ፣ መልከ መልካሙስ?"

ነገርኳቸው። ከብዙ አገር የመጡ ሩዞችን በብርድ አሳደግን። ፍሬ የያዙትና ያልያዙት በዘረመላቸው የት ላይ እንደሚለያዩ በኮምፒውተር ፈተሽን። መጀመሪያ መለሎው የያዘው ምልክት ከሁሉም ጎልቶ ወጣ። ደስ አለኝ፤ ግን አላመንኩትም። ምልክቱ ያለባቸው ሁሉ ዘመዳሞች ነበሩ። ፍሬ የያዙት በእሱ ይሁን ቤተሰቡ በሚጋራው በሌላ ነገር፣ በምን ይታወቃል? ዝምድናውን አስገብቼ ስሌቱን ስደግመው ያ ትልቁ ምልክት ሟሸሸ። ሌላ፣ ትንሽ ምልክት ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። እሷን የያዘው አጭሩ ነው።

"እናንተ ክርስቲያኖች!" አሉ ጋሽ ኢብራሂም። "ሰው ለመዳር ሰባት ቤት መቁጠራችሁ ሳያንስ ሩዙንም አልማራችሁት?"

"ለሩዝ ሰባትም አይበቃም፣ ጋሼ።"

"እኔ የአጎቴን ልጅ አግብቼ ዕድሜ ልኬን ተሞላቅቄ ኖርኩ!"

ፊት ለፊታችን የሚያነበው ሰውዬ ቀና ብሎ አየን። ሳቃችንን ይዘን ሃውፕትቫኸ ላይ ባቡር ቀየርን።

ኦስትኤንድ፣ ረፋድ

የመስታወት ቤቱ ሙቀት መነጽሬን ጉም አለበሰው። የእናቲቱን አበቦች ትናንት ጫፍ ጫፋቸውን በመቀስ ቆርጬ፣ ወንዴያቸውን አውጥቼ፣ በወረቀት ከረጢት ሸፍኜያቸዋለሁ። የአባትየው አበቦች ግን ጥርቅም እንዳሉ ናቸው። ደመናው አልተነሳም። መብራቱን አበራሁለትና ቁጭ አልን። ብሬዝሉ አለቀ።

"ዓይን አፋር ነው" አሉ ጋሽ ኢብራሂም በሹክሹክታ።

በመከፈታቸው ተስፋ ልቆርጥ ስል አንዱ አበባ ከንፈሩን ፈታ። ቀጥሎ ሌላው። ቢጫ ክሮች ተንጠለጠሉ። የአባትየውን ዘለላ ቆርጬ፣ የእናቲቱን ከረጢት አውልቄ፣ ማጉያ መነጽሩን በአንድ እጄ ያዝኩ፤ ዘለላውን በሌላው ለጋሽ ኢብራሂም ዘረጋሁ።

"ይህን ከላይ ይያዙልኝ።"

"እኔ?" ወደ ኋላ አሉ። "እጄን አታይም እንዴ? ይንቀጠቀጣል። ሰው ፊት ሻይ የማልጠጣው ለምን ይመስልሻል?"

"አበባው መራገፍ አለበት፣ ጋሼ። የሚያስፈልገኝ እሱው ነው።"

እጃቸውን ከካፖርቱ ኪስ አውጥተው ዘለላውን ተቀበሉ። ተንቀጠቀጠ። ከላይ ቀጭን ቢጫ አቧራ ወረደ፤ በማጉያው ውስጥ ላባ የመሰሉት የእናቲቱ ሴቴ ጫፎች አንድ በአንድ ሲለብሱት አየሁ።

"አልበቃም?" አሉ እጃቸውን እያዩ።

"ትንሽ ይጨምሩ" አልኳቸው።

በቅቶ ነበር።