ማሽኑ ገና አልነገረኝም

የእናቴን ወንድም፣ ጋሼን፣ የሚያውቅ ሁሉ ጥርጣሬውን ያስታውሳል። በኬንያው ሞያሌ ዕድሜውን ሙሉ የመሬት መቆፈሪያ ማሽን ሲነዳ ኖሮ፣ አዲስ ማሽን ግን አያምንም ነበር። የማሽኑ ባለቤት ቢምልለት እንኳ፣ "እሱ ነግሮኛል፤ ማሽኑ ግን ገና አልነገረኝም" ይላል።

የመጀመሪያው የሞባይል አንቴና ሊተከል መሠረት ስንቆፍር፣ ከናይሮቢ ሌላ እስካቫተር መጣ። ያመጣው ሹፌር፣ "ሐኩና ሺዳ ምዜ፣ ችግር የለም ሽማግሌው፣ ሁሉም ማሽን አንድ ነው" አለው። ጋሼ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየውና ጉድጓዱ ውስጥ ያለነውን ሁሉ "ውጡ!" ብሎ አስወጣን። ፀሐይ ላይ ቆመን አጉረመረምን።

ማሽኑ ላይ ወጥቶ ተቀመጠና የግራውን ሊቨር፣ የመቆጣጠሪያውን ዘንግ፣ ወደ ፊት ነካ አደረገው። በለመደው ማሽን ቢሆን የማሽኑ ክንድ ወደ ፊት ይዘረጋ ነበር። ይሄኛው ግን ቁልቁል ወረደና አካፋው ጉድጓዱ ውስጥ ቅድም ቆመንበት የነበረውን ቦታ መታው። ሹፌሩ ልዩነቱን ያውቅ ነበር? እስከ ዛሬ እጠረጥረዋለሁ። ጋሼ ግን "አሁን ነገረኝ" አለና እስኪመሽ ባዶ ሜዳ ላይ እጁን ሲያለማምድ ዋለ።

ጋሼ አረፈ ብለው ሲደውሉልኝ አላመንኩም። ቀብሩ ላይ ቆሜ እንኳ የደበቁኝ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር። ከለቅሶው በኋላ ሥራ ገብቼ እሱ ይነዳው የነበረው ማሽን ላይ ወጣሁ። ወንበሩ ለእነዚያ ረጃጅም እግሮቹ ወደ ኋላ እንደተገፋ ነው። እግሬን ብዘረጋ ፔዳሉ ላይ አልደርስ አለ።

ያኔ ማሽኑ ነገረኝ።