በአከራዬ ጓሮ ያገኘሁት የብር ማዕድን

በሕይወቴ ያገኘሁት አንድ የብር ማዕድን ነው፤ እሱም አየር ጤና፣ አከራዬ ጓሮ፣ ጎመኑ ሥር። ውጭ አገር ተልኬ ሁለት ዓመት ያጠናሁት ስለ አንድ የተዘጋ የብርና የእርሳስ ማዕድን ዋሻ ነበር። ተመልሼ ስመጣ የተሰጠኝ ሥራ ቢሮ ቁጭ ብሎ ካርታ ላይ ማኅተም ማስመታት ነው። ሰፈር ውስጥ ጂኦሎጂስት ነኝ ብል ማን ሰምቶኝ! ለሁሉም «ኢንጂነር» ነኝ፤ አከራዬማ የሚጠሩኝ ቧንቧ ሲበላሽ ነው።

ያን ጊዜ ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። አከራያችን ደግ የጎጃም ሰው ናቸው፤ በየቀኑ ከጓሯቸው ጎመን እየቀነጠሱ ይሰጧት ነበር፣ እሷም ያለዚያ ጎመን እህል አይወርድላትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የኔን ጅልነት ስታነቡ በማን ላይ ስቀልድ እንደነበር እንዳይጠፋችሁ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለአዲስ ሽንት ቤት ጉድጓድ የሚቆፍሩት ሰዎች ከጎመኑ አጠገብ ጥቁር፣ ከባድ ነገር አወጡ። ዶማው የነካው በኩል ያብለጨልጫል። አከራዬ መጀመሪያ ያደረጉት የግቢውን በር መቀርቀር ነው። ቀጥለው የቆፋሪዎቹን ኪስ ፈተሹ። ከዚያ ወደ እኔ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ድንጋይ ነው የተማርኩት ስትል አልነበር? በል ንገረኝ። ብር ነው?»

ዝም ማለት ነበረብኝ። አዲስ አበባ የተቀመጠችው እሳተ ገሞራ ባፈሰሰው አለት ላይ ነው፤ ክንድ በማይሞላ ጥልቀት፣ ጎመን ሥር፣ እንዲህ ያለ ማዕድን ምን ይሠራል? ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ከዚያ በፊት ስለ ድንጋይ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ድንጋዩን ከፍ አድርጌ ያዝኩና ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ይህ ጋሌና የሚባል የእርሳስ ማዕድን ነው። ከምድር ሆድ የሚነሳ ትኩስ ውሃ እርሳስና ብር አሟሙቶ በአለት ስንጥቅ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ሁለቱን አንድ ላይ ይጥላቸዋል። ብሩ ለዓይን አይታይም፤ እርሳሱ ውስጥ ነው የሚደበቀው።»

የጥንት ሰዎች ያን ስንጥቅ እየተከተሉ ተራራውን እንዴት እንደቦረቦሩት ሳይቀር ተረክኩላቸው። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ተደግፈው ሰሙኝ። አከራዬ በለሆሳስ «ወረዳ እንዳይሰማ!» አሉ። ባለቤቴ በራችን ላይ ቆማ፣ ጎመን በእንጀራ እየጠቀለለች ስትጎርስ፣ በኩራት ታየኝ ነበር። በትዳራችን እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

ጎረቤታችን መካኒኩ አንገቱን በአጥር ላይ አስግጎ ሲያዳምጥ ቆይቶ ኖሯል።

«ኢንጂነር፣ መዶሻ የለህም እንዴ?» አለኝ።

መዶሻዬ አልጋ ሥር አቧራ ለብሷል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ እንኳ መጀመሪያ የሚያነሳው መዶሻ ነው፤ ጋሌና ሲመታ ይሰባበራል፣ ቀልጦ የረጋ እርሳስ ግን ይለጠጣል። መካኒኩ የራሱን ይዞ አጥሩን ዘለለና አንድ ጊዜ መታው። እንደ ሊጥ ተለጠጠ።

«የባትሪ እርሳስ ነው ባክህ! ከእናንተ በፊት የነበረው ተከራይ እዚህ ጓሮ የመኪና ባትሪ እየሰበረ ያቀልጥ ነበር። ጭሱ ስንቴ አሳስሎናል መሰለህ!»

ቆፋሪዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አከራዬም ሳይወዱ በግድ ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል ባለቤቴን አየኋት፤ አፏ እዚያ አፈር ላይ በበቀለው ጎመን ሙሉ ነው። እርሳስ ብርን እንዴት እንደሚደብቅ ያን ያህል ሳስተምር፣ እርሳስ መርዝ መሆኑን፣ በማሕፀን ያለ ልጅ ድረስ ገብቶ አእምሮና ጆሮ መጉዳቱን አንዴም አላነሳሁም። ያጠናሁት መጽሐፍ ላይ ግን ተጽፏል፤ አስምሬበት ፈተናም አልፌበታለሁ።

«ትፊው!» ብዬ ጮህኩ።

አከራዬ ጎመናቸው የተሰደበ መስሏቸው አኮረፉኝ። በደሟ ውስጥ እርሳስ መኖሩን የሚመረምርልን ፍለጋ ያልገባንበት ክሊኒክ የለም፤ መሣሪያው የለንም፣ ቫይታሚን ትውሰድ እያሉ ሸኙን። በወሩ ቤት ለቀቅን።

ልጃችን አሁን ሦስት ዓመቷ ነው። ታወራለች፣ ትሮጣለች፣ ታስቸግራለች፤ ሐኪሙም ደህና ናት ይላል። ግን ስጠራት ወዲያው ካልዞረች እፈራለሁ። እናቷ «ጨዋታ ይዛ ነው፣ ተዋት» ትለኛለች። እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደገና እጠራታለሁ።