አራቱን የወቅት ዘፈኖች ያልዘፈንኩበት ቅዳሜ

አሜሪካ፣ ሲያትል፣ ቢከን ሂል ሰፈር የከተማው ባቡር ገና ሥራ ሳይጀምር፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እንግሊዛዊት አዛውንት ቤት እየሄድኩ እንከባከባቸው ነበር። በወጣትነታቸው ዘፋኝ፣ ኋላም የድምፅ አስተማሪ ነበሩ። አንድ ቀን ሳህን እያጠብኩ መዝሙር ሳንጎራጉር ሰሙኝና ከሳሎን ተጣሩ።

«ያ ድምፅ ያንቺ ነው?»

«አዎ፤ ቤተ ክርስቲያን እዘምራለሁ።»

ፒያኖው ላይ ከተከመረው ወረቀት መሃል አንድ የነተበ የኖታ መጽሐፍ አስወጡኝ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዝ አገር የተደረሱ አራት ዘፈኖች ናቸው፤ ለጸደይ፣ ለበጋ፣ ለመኸርና ለክረምት አንድ አንድ።

«አራቱንም ባንድ መድረክ ዘፍኛቸዋለሁ። አሁን ትንፋሼ አይበቃም። አንቺ ዘፈኖቹን ተማሪያቸው» አሉኝ።

እኛ ጴንጤዎች ዘንድ ዘፈን የተተወ ነገር ነው። ስለ አበባና ስለ በረዶ መዝፈን ምን ኃጢአት አለው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት እየተለማመድን ወራት አለፉ። ምላሴ እንቢ ሲለኝ አገጬን በጣታቸው ይዘው የእንግሊዝኛውን ቃል ደጋግመው ያስብሉኝ ነበር። አራቱንም ስጨርስ፣ ለሰማንያ ዓመት ልደታቸው የድሮ ተማሪዎቻቸውን ጠሩ። ለእያንዳንዳቸው ኮል እያደረጉ «አዲሷን ተማሪዬን አሰማችኋለሁ» ሲሉ እሰማ ነበር።

ልደቱ ሳምንት ሲቀረው፣ አብራኝ የምትዘምር ሴት የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ አስቆመችኝ።

«ልጅሽ ለልጄ ነገረቻት። ዘፈን ጀምረሻል?»

የመኪናዬን ቁልፍ ከቦርሳዬ መፈለግ ጀመርኩ።

«ሶ፣ መሪያችን ሳይሰሙ ተዪው። ከመዘምራን ያወጡሻል።»

የልደቱ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ለአዛውንቷ ደወልኩና ድምፄን አሳንሼ ጉሮሮዬን አሞኛል አልኳቸው። «አይዞሽ፣ ተኝተሽ እረፊ» አሉኝ። ልጄ አጠገቤ ቆማ በእንግሊዝኛ «እማዬ፣ አልታመምሽም እኮ» አለችኝ። ስልኩን አስቀምጬ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ።

ሰኞ ስሄድ በሩን የከፈተችልኝ ኤቨረት ከምትባል ቅርብ ከተማ የመጣች የድሮ ተማሪያቸው ነበረች።

«ራሳቸው ዘፈኑት» አለችኝ። «ጸደይንና በጋን እንደምንም ተወጡት። መኸሩ ላይ ትንፋሻቸው አለቀ። እጃቸውን ፒያኖው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ፤ እኛም አጨበጨብንና ተነሱ።»

ወጥ ቤት ስገባ «ለጉሮሮሽ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት የማር ብልቃጥ ተቀምጦ አገኘሁ። ተማሪያቸው ከሄደች በኋላ ፀጉራቸውን እያበጠርኩ እውነቱን አወጣሁት።

«ዋሽቼዎታለሁ። አልታመምኩም ነበር። ቤተ ክርስቲያን እንዳይሰሙብኝ ፈርቼ ነው።»

ራሳቸውን ከማበጠሪያው አራቁ።

«ብትነግሪኝ ኖሮ እንግዶቹን አስቀር ነበር» አሉ። «እኔም ሰው ፊት አልሞክረውም ነበር።»

ይቅርታ ስለምን፣ «ፀጉሬን ጨርሺልኝ» ብቻ አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። አላኮረፉኝም፤ ስለ ልጄም ይጠይቁኝ ነበር። ፒያኖውን ግን አልከፈቱትም፣ እኔም ይክፈቱት ለማለት አፍ አልነበረኝም። እሑድ እሑድ የፊት ረድፍ ቆሜ እዘምራለሁ፤ መሪያችን ስለ ታማኝነቴ ሲያመሰግኑኝ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣለሁ።

አዛውንቷ ሲያርፉ ፒያኖውን ልትወስድ የመጣችው ያቺው የኤቨረቷ ተማሪ ናት። በብርድ ልብስ እየጠቀለልነው ሳለ ቀና አለች።

«ያኔ ታመሽ በመቅረትሽ በጣም አዝነውልሽ ነበር። እስከ መጨረሻው ያነሱት ነበር።»

ለማንም አልተናገሩብኝም ማለት ነው። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ግን የምናስርበትን ገመድ እንድይዝላት አቀበለችኝና ያዝኩላት።