በግራናይት ያሸነፍኩ ቀን

ይህን ነገር ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ሚስቴ ትስቅብኛለች። ንስሐ አባቴ ደግሞ ጨዋታው ምን እንደሆነ እስኪገባቸው ይመሻል። ስለዚህ እናንተ ላይ ልለማመድ፤ ሳትቆጡ ስሙኝ።

ገርጂ ውስጥ ሴራሚክና ግራናይት እሸጣለሁ። ከሱቄ አጠገብ ያለው ፀጉር ቤት የዳዊት ነው። ዳዊት ጨዋታ ይወዳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወረፋው ሲበዛበት ነጭ ሰሌዳ ላይ ሰባት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጽፋል። ከእነዚያ ፊደላት ረጅሙን የእንግሊዝኛ ቃል ያገኘ ሰው ወረፋ አይጠብቅም፣ ቀጥታ ወንበሩ ላይ ነው። ስልክ መንካት ግን ክልክል ነው።

ሁሌ የሚያሸንፉት ጋሼ ሰይድ ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር። የሰፈራችንን ኮንዶሚኒየም ልጆች ሁሉ በነፃ ያስጠናሉ። ደግሞ ካሸነፉ በኋላ ተራውን ለቸኮለ ሰው ይሰጡታል። «እኔ ጡረተኛው የት ልደርስ ነው?» ይላሉ።

የዚያን ቀን የቸኮልኩት እኔ ነበርኩ። የአክስቴ ልጅ ሰሚት ሰፈር ይሞሸራል፣ እኔ ሚዜ ነኝ፣ ፂሜ እንደ ጫካ ሆኗል፣ ስልኬ ደግሞ «የት ደረስክ?» እያለ ሊፈነዳ ነው። አንድ ቃል ብናገር ጋሼ ሰይድ ተራውን ይሰጡኝ ነበር እኮ! ታዲያ ለምን አልጠየቅኳቸውም? ማሸነፍ አምሮኝ ነዋ! አንድ ቀን እንኳ እሳቸውን ልብለጥ ብዬ!

ዳዊት ጻፈ፤ ኤን፣ ኢ፣ ጂ፣ ቲ፣ ኤ፣ አር፣ አይ። ጋሼ ሰይድ ብዙም ሳይቆዩ «ኢቲንግ!» አሉ፤ መብላት ማለት ነው፣ ስድስት ፊደል። እኔ የያዝኩትን ጋዜጣ ከፍ አድርጌ ከሥሩ ስልኬን አወጣሁ። ፊደል ሲያስገቡለት ቃሉን የሚዘረግፍ ድረ ገጽ አለ። አስገባሁ፣ ዘረገፈው። «ግራናይት!» ብዬ ጮህኩ። ሰባቱም ፊደል! ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ግራናይት ሻጭ ግራናይት ቢል ማን ይጠረጥራል? እኔ ግን ድንጋዩን በቀን መቶ ጊዜ እየጠራሁት እንኳ በራሴ አላየሁትም።

እስከዚህ ድረስ ቢሆን ኖሮ ራሴም ስቄ እረሳው ነበር። ወንበሩ ላይ ልወጣ ስል ጋሼ ሰይድ እጄን ያዙኝ።

«እንዲህ ያለው ድሮ አያመልጠኝም ነበር» አሉኝ ዝግ ብለው። «እውነቱን ንገረኝ እስቲ፣ ጭንቅላቴ እየከዳኝ ይሆን እንዴ?»

«ዕድሜ ነው ጋሼ፣ ምን ይደረጋል!» አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት። እየሳቅሁ ነው ያልኩት። ፂሜን ተላጭቼ፣ ሽቶ ተነስንሼ፣ ሰርግ ሄጄ ስጨፍር አመሸሁ።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ሰይድ ሰሌዳውን ቀና ብለው አያዩም። ተራቸውን ጠብቀው፣ ፀጉራቸውን ተስተካክለው ይሄዳሉ። ባለፈው ሳምንት ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ሊገዙ መጡ። «ልጆቹን ማስጠናት ተወ እኮ» አሉኝ። «የተሳሳተ ነገር እንዳላስተምራቸው ይላል። አንተ ጎበዝ ነህ አሉ፤ እባክህ ልጄ፣ አንተ ተረከብለት። ራሱ ነው የላከኝ።»

እኔ ጎበዝ! ሴራሚኩን ቆጥሬ ሰጠኋቸውና ጓዳ ገብቼ ተቀመጥኩ። የሰረቅሁት ተራ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ሰውየው በራሳቸው ላይ የነበራቸውን እምነት ነው ይዤባቸው የሄድኩት።

ነገ ቅዳሜ ነው። ሰው ፊት እንዳሸነፍኳቸው ሰው ፊት እነግራቸዋለሁ። ዳዊት ዕድሜ ልኬን ይሳቅብኝ፣ ግድ የለም። የጋሼ ሰይድንም ቁጣ አልፈራም። የምፈራው ሌላ ነው። ጭንቅላታቸው ደህና መሆኑን ሲሰሙ ደስታውን አይችሉትም፤ እዚያው ተነስተው፣ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁኛል። አውቃቸዋለሁ፣ ያደርጉታል። የራሳቸውን መልሼ ስለሰጠኋቸው «አላህ ያክብርህ» ሲሉኝ በየትኛው አፌ ነው አሜን የምለው?